ደብረ ማርቆስ ያለው የልጆች የሳይንስ ማንበቢያ ቤት፦ ያየሁትን ልንገራችሁ

ሰው ስለ ካፌ፣ ስለ ምግብ ቤት፣ ስለ ስልክ ጥገና አስተያየቱን ሲጽፍ አያለሁ፣ ጥሩ ነው ይጻፍ፣ ግን ልጆቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ የት ይዋሉ በሚለው ላይ የሚጽፍ ሰው አላገኘሁምና እኔ ልጻፈው። ደብረ ማርቆስ ከተማ ውስጥ ስላለ አንድ የልጆች የሳይንስ ማንበቢያ ቤት ነው የማወራችሁ። ታፔላ የለውም፣ የሰፈሩ ሰው ዝም ብሎ የሳይንስ ቤት ይለዋል፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ጥቂት መምህራን ተሰባስበው አንድ ደግ ሰው ግቢው ውስጥ የለቀቀላቸውን ክፍል አፅድተው የከፈቱት ነው። ክፍያ የለውም። ቅፅ ምናምንም የለም፣ የልጁ ስም፣ ስንተኛ ክፍል እንደሆነና የወላጅ ስልክ ደብተር ላይ ይጻፋል በቃ።

ፍርዴን መጀመሪያ ልናገር፦ ልጅ ያላችሁ ውሰዱ። ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ላለ ልጅ እኔ በኛ አካባቢ ካየሁት ሁሉ የሚበልጥ ነገር ነው። ለምን እንደምል ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ ምክንያቱም አሪፍ ነው ብሎ ማለፍ ለነዚህ ወጣቶች ድካም አይመጥንም፣ ሊስተካከል የሚገባውም አለ እሱንም አልደብቅም።

የመጽሐፍ ቁም ሳጥን እማ ብዙ ቦታ አይተናል። የት እንደሆነ አልጠራም ግን አንድ ቦታ ልጄን ይዤ ሄጄ መጽሐፎቹ በመስታወት ውስጥ ተደርድረው፣ ጀርባቸው እያብረቀረቀ፣ ቁልፉን የያዙት ሰውዬ ደግሞ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልን። ሌላ ቀን ስንሄድ ቁልፉ ተገኘ፣ ግን ልጅ ይቀደዋል ተብሎ እዚያው ቆማችሁ እዩ አሉን። መጽሐፍ እንዳይቀደድ ተብሎ ማንም ሳያነበው ሲያረጅ አንጀቴን ነው የሚያሳርረኝ። እዚህኛው ቤት መደርደሪያው ሣንቃ ነው፣ በልጅ ቁመት ልክ ነው የተሠራው፣ ቁልፍ የለውም። የተቀደደ ገፅ ያለው መጽሐፍ ሞልቷል፣ በስኮች ተለጥፏል፣ ጥግ ላይ ስኮችና መቀስ የያዘ ሣጥን አለ፣ የቀደደው ልጅ ራሱ ተቀምጦ ይለጥፋል። እኔ ይሄን ሳይ ነው ልቤ ያረፈው።

ክፍሉ ጠባብ ነው። መሬቱ ላይ ሰሌን ተነጥፏል፣ ወንበር ያለው ለወላጅ ነው እሱም አይበቃም። አንደኛው ግድግዳ ላይ በእጅ የተሳለ ትልቅ የአባይ ካርታ አለ፣ ሰከላ ግሽ አባይ ላይ ይጀምርና በግልገል አባይ አድርጎ ጣና ይገባል፣ ባሕር ዳር ላይ ይወጣል፣ ጎጃምን ዙሪያውን አቅፎ በሸለቆው ይሄድና ጉባ ግድቡ ጋ ይደርሳል። ልጆቹ ሲገቡ ሁሉም ማለት ይቻላል በጣታቸው ይከተሉታል። ካርታው ላይ ከተሞቹ ሥር ከፍታቸው በሜትር ተጽፏል፣ ለምን እንደተጻፈ ያኔ አልገባኝም ነበር በኋላ ግን ገባኝ።

ልጄን ይዤ የሄድኩበት ቀን የውኃ ቀን ነበር። አንድ ቡታጋዝ፣ አንድ ብረት ድስት፣ ረጅም ቴርሞሜትር። የኬሚስትሪ ተማሪ የሆነችው አስተባባሪ "ውኃ በስንት ዲግሪ ነው የሚፈላው?" ብላ ጠየቀች፣ ልጆቹ በአንድ ድምፅ "መቶ!" አሉ። ትምህርት ቤት እንደዛ ነው የተባሉት። እሺ እንይ ብላ ጣደችው። ልጆቹ ተራ በተራ እየተጠጉ ቁጥሩን ጮክ ብለው ያነባሉ፣ 85፣ 88፣ 90፣ ከዛ 92 ላይ ውኃው ተንተከተከ። ቁጥሩም ቆመ። አንድ ልጅ "ቲቸር ተበላሽቷል" አለ ቴርሞሜትሩን ማለቱ ነው። እሷ ተበላሽቷልም አልተበላሸምም አላለችውም፣ "እንዴት እናረጋግጥ?" አለችው። አሰበ አሰበና "ሌላ እናምጣ" አለ። ሌላ መጣ። እሱም 92። ሌላዋ ደግሞ እሳቱ አንሶ ነው አለች፣ ጨመሩት፣ ውኃው ይገለባበጣል ይፎክራል ቁጥሩ ግን ፍንክች የለም። ክፍሉ ፀጥ አለ። የኔዋ ልጅ አራተኛ ክፍል ናት እጇን አውጥታ "እኛ ሀገር ብቻ ነው እንደዚህ?" አለች።

ካርታው ያኔ ነው የመጣው። ማርቆስ ከባሕር ጠለል 2400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው ያለችው፣ ከላያችን ያለው አየር ከቆላው ያንሳል፣ ውኃውን ወደ ታች የሚጫነው አየር ሲቀንስ ውኃው ቶሎ ይፈላል፣ ከዚያ በኋላ እሳት ብትጨምር እንፋሎት ነው የሚበዛው ሙቀቱ አይጨምርም። ከዛ ልጆቹን አስገመተቻቸው፦ ባሕር ዳር 1800 ሜትር ላይ ናት ስንት ይሆናል? ወደ 94። ከደጀን ወርደን አባይ ድልድይ ጋ ብንፈላው? እዚያ ከፍታው 1000 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ወደ 97። ጮቄ አናት ላይ ብንወጣስ፣ ከ4000 ሜትር በላይ? 86 ምናምን። አንዱ ልጅ ፊቱ በርቶ "አያቴ ቆላ ነው ያለችው ለዛ ነው የሷ ሽምብራ ቶሎ የሚበስለው!" አለ። እውነቱን ነው እኮ። ደጋ ላይ ባቄላና ሽምብራ ለምን ማገዶ እንደሚፈጅ፣ ፕሬዠር ኩከር የሚባለው ድስት እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን ስለሚጨምር ለምን ቶሎ እንደሚያበስል ያን ቀን ልጆቹም እኛ ወላጆችም አንድ ላይ ተማርን። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ዕድሜያቸውን ሙሉ ወጥ የሠሩ ሰው ናቸው፣ "ኧረ እኔስ የማገዶው ነገር ነበር የሚመስለኝ" እያሉ ይገረሙ ነበር።

እኔ ቤቱን የምወደው በዚህ ነው። ሳይንስ ሩቅ ሀገር ያለ፣ ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰው የሚሠራው ነገር አድርገው አያቀርቡትም፣ ልጁ ቤቱ ሲመለስ ድስቱ ውስጥ፣ ሊጡ ውስጥ፣ ማሳው ላይ ያገኘዋል። መጽሐፉም የሚነበበው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ያያሉ፣ ይከራከራሉ፣ ከዛ ይሄ ነገር ያለው የትኛው መጽሐፍ ላይ ነው ብለው ወደ መደርደሪያው ይሮጣሉ፣ እየተጋፉ እኮ ነው የሚሄዱት።

ወደ መጽሐፎቹ ልምጣ። ከውጭ በእርዳታ የመጡ የእንግሊዝኛ መጽሐፎች አሉ፣ ወረቀታቸው የሚያምር፣ ሥዕላቸው ባለ ቀለም፣ ግን በረዶ ላይ ስለሚሄድ ድብና ስለ ካንጋሩ ናቸው፣ ልጆቹ ሥዕሉን ገለጥ ገለጥ አድርገው ይመልሱታል። አልጠላኋቸውም፣ ሁለተኛ ደረጃ ሲገቡ ሳይንሱ በሙሉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ትልልቆቹ ልጆች ቢለምዱት ይጠቅማቸዋል፣ ለሁለተኛ ክፍል ልጅ ግን ምኑ ነው? የትምህርት ቤት መማሪያ መጽሐፎችም አሉ እነሱን እናውቃቸዋለን። ሦስተኛዎቹ ግን ወጣቶቹ ራሳቸው በአማርኛ የጻፏቸው፣ ፎቶ ኮፒ ተደርገው በስቴፕለር የተያያዙ ቀጫጭን መጽሐፎች ናቸው። ጥቁርና ነጭ ናቸው፣ አንዳንዱ ገፅ ቀለሙ ደብዝዟል፣ የፊደል ግድፈትም አለባቸው። ልጅ የማይለቃቸው ግን እነዚህን ነው፣ ጠርዛቸው ተበልቶ ያለቀውም የነዚህ ነው።

ቤት ይዘነው የሄድነው ስለ እርሾ የሚያወራውን ነው። ሥዕሉ ላይ ሹሩባ የተሠራች ልጅ የሊጥ ዕቃ ከፍታ ታያለች፣ ማታ ተኝቶ የነበረ ሊጥ ጠዋት ለምን ተነፍቶ አገኘሁት ብላ እናቷን ትጠይቃለች። ከዛ እርሾ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ሕያው ነገሮች እንዳሉ፣ የዱቄቱን ስኳር እየተመገቡ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባል ጋዝ እንደሚያወጡ፣ የእንጀራው ዓይን ያ ጋዝ ሲወጣ የተወው ቀዳዳ እንደሆነ ይነግራል። የመጨረሻው ገፅ ላይ ቤት የሚሠራ ሙከራ አለ። ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ውስጥ ሊጥና እርሾ አድርጋችሁ አፉ ላይ ፊኛ ታስራላችሁ። ልጄ ሁለት ሠራች፣ አንዱን መስኮት ጋ አስቀመጠች ሌላውን በጋቢ ጠቅልላ ምድጃው አጠገብ። የማርቆስን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ የመስኮቱ ፊኛ እንደተኛ አደረ፣ ጋቢ ውስጥ ያለው ግን ቀና ብሎ ቆሞ ነበር። ጠዋት ወንድሟን ከእንቅልፉ ቀስቅሳ "ብርድ ይዟቸዋል አይበሉም!" እያለች ስታስረዳው እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ነበር የምሰማው። የነገራት ሰው የለም፣ መጽሐፉም ስለ ብርድ አላወራም፣ ራሷ ናት የደረሰችበት።

የማዋሻ ሕጋቸውም ደስ ይላል። አንድ መጽሐፍ ለአንድ ሳምንት ነው። ስትመልስ ታዲያ መጽሐፉ ያልመለሰልህን አንድ ጥያቄ ይዘህ ትመጣለህ፣ እሱ ጥያቄ በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ቆሜ ያነበብኳቸውን ልጥቀስላችሁ፦ ጥጃ ተወልዶ ወዲያው ይቆማል የሰው ልጅ ለምን አይቆምም? ንብ ቀፎው ውስጥ ጨለማ ሆኖ ማር የምትሠራው እንዴት እያየች ነው? ጤፍ እንደዛ ትንሽ ሆና ሥሯ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቀው ማን ነግሮት ነው? አንዱ ደግሞ መብረቅ ብርሃኑ መጀመሪያ ድምፁ በኋላ የሚመጣው ለምንድነው የሚል ነበር። ሁሉም ጥያቄ በዚያው ቀን መልስ አያገኝም፣ አንዳንዱ ሳምንት ሁለት ሳምንት ተለጥፎ ይከርማል፣ ልጆች ሲያልፉ ሲያገድሙ ያነቡታል ይገምታሉ። የመብረቁን ግን ሠሩት፦ ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ነው የሚሄደው ብርሃን ግን ወዲያው ነው የሚደርሰው፣ ስለዚህ ብርሃኑን ካየህ ጀምረህ ሴኮንድ ቁጠርና ለሦስት አካፍለው መብረቁ በስንት ኪሎ ሜትር ርቀት እንደወረደ በግምት ታውቃለህ። ትንሹ ልጄ ነጎድጓድ ሲሰማ አልጋ ሥር የሚገባ ልጅ ነበር፣ አሁን "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" እያለ ይቆጥራል፣ ይፈራል መቼም፣ ግን እየፈራ ይቆጥራል። ቁጥሩ ሲያጥር ከዛፍ ሥር መራቅና ቤት መግባት እንዳለበትም ነግረውታል።

ሌላው ግድግዳ ላይ የሀገራችን ሳይንቲስቶች ፎቶ ተሰቅሏል። በትልቁ የተሰቀለችው ዶክተር ሰገነት ቀለሙ ናት፣ የፍኖተ ሰላም ልጅ። ከዚህ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ስንሄድ የምናልፍባት ፍኖተ ሰላም። የዕፅዋት በሽታን የምታጠና ሳይንቲስት ናት፣ ኮሎምቢያ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የግብርና ምርምር ማዕከል ረጅም ዓመት ሠርታለች፣ ናይሮቢ ያለውን ኢሲፔ የሚባል የነፍሳት ምርምር ማዕከልም ከእ.ኤ.አ. 2013 ጀምሮ ለዓመታት በዋና ዳይሬክተርነት መርታለች፣ በ2014 ደግሞ ዩኔስኮና ሎሬያል ለሴት ሳይንቲስቶች የሚሰጡትን ሽልማት ወስዳለች። ለልጆቹ ይሄን ሲነግሯቸው ሴቶቹ ልጆች ላይ የማየው ነገር የተለየ ነው፣ አንዷ "ፍኖተ ሰላም የኛዋ?" ብላ ሁለቴ ጠየቀች። አዎ የኛዋ።

አጠገቧ ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ አሉ። የእንዶዱ ሰውዬ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ነው፣ እሳቸው እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አካባቢ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው ምርምሩን የጀመሩት፣ በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተውበታል። ታሪኩን ተርከው ብቻ አልተዉትም፣ ደረቅ የእንዶድ ፍሬ አምጥተው ልጆቹ እየወቀጡ፣ ውኃ ውስጥ እየናጡ አረፋውን እንዲያዩ አደረጉ፣ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ፣ የተረፈውንም ወንዝ ውስጥ እንዳይደፉት ዓሣም ስለሚገድል አጥብቀው ነገሯቸው። ለኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው፦ እነዚያ እናቶች እዚያ ወንዝ ዳር ለዘመናት አጥበዋል፣ ቀንድ አውጣውም እዚያው ነበር፣ ቆም ብሎ ለምን ሞቱ ብሎ የጠየቀ ሰው ሲመጣ ነው መድኃኒትነቱ የታወቀው። ልጆቹ ይሄን ሲሰሙ ፀጥ ነው ያሉት፣ ከመካከላቸው አንዱ በሚቀጥለው ሳምንት ከጓሯቸው ሦስት ዓይነት ቅጠል ይዞ መጣ።

አሁን ደግሞ ከከተማ ሲወጡ ያየሁትን። ወር በገባ ቁጥር መጽሐፎቹን በሣጥን አድርገው ባጃጅ ላይ ጭነው ማርቆስ ዙሪያ ወዳሉ የገጠር ትምህርት ቤቶች ይሄዳሉ። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ሀዋሳ ላይ በአህያ ጋሪ መጽሐፍ ለልጆች ሲያዞሩ እንደነበሩት ማለት ነው፣ ወጣቶቹም የሳቸውን ነገር ያነሳሉ። ወላጅ መሄድ ይችላል ስለተባለ አንድ ጊዜ አብሬ ሄድኩ። ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ሁለት የዳቦ መጋገሪያ ትሪ ዘንበል አድርገው አስቀመጡ፣ አንዱ ላይ ባዶ አፈር፣ ሌላው ላይ ሥሩ ያልተነቀለ ሣር ከነአፈሩ። ልጆች በቀዳዳ ጣሳ ዝናብ አዘነቡበት። ከባዶው የወጣው ውኃ ጭቃ ነው፣ ከሣሩ የወጣው ግን ታች ባለው ብርጭቆ ሲጠራቀም ጣትህን ያሳያል። ከዛ ሁለቱን ብርጭቆ ፀሐይ ላይ አቁመው "ክረምት ላይ አባይ የትኛውን ይመስላል?" ብለው ጠየቁ። ልጆቹ ከመመለሳቸው በፊት ከአጥር ውጭ ቆሞ ያይ የነበረ በሬ የሚነዳ ሰው "ይሄማ የኔ ማሳ ነው" አለ ጮክ ብሎ። ሰው ሳቀ፣ እሱ ግን የምሩን ነበር፣ በሬዎቹን ለልጁ ሰጥቶ ገብቶ ተቀመጠ፣ ስለ እርከንና ስለ ሣር ብዙ ጠየቀ። ከጮቄ የሚነሱት ወንዞች ይሄን አፈር ይዘው ነው ወደ አባይ የሚወርዱት፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድባችንም ደለሉን የሚቀበለው ከኛው ማሳ ነው፣ ስለዚህ ይሄ ትምህርት ለልጅ ብቻ አይደለም።

እዚያው ትምህርት ቤት ስለ ጨረቃ ሲያወሩ አንድ ቄስ ወላጅ ነበሩ። ወጣቱ ጨረቃ በየ19 ዓመቱ ወደ ተመሳሳይ ቀን እንደምትመለስ፣ 19 የፀሐይ ዓመት 235 የጨረቃ ወር እንደሚሆን ሲናገር ቄሱ ፈገግ ብለው "ልጄ ይሄማ ንዑስ ቀመር ነው" አሉና በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ስሌት ማለት ነው፣ አበቅቴና መጥቅዕ የሚባሉት ሁለት ቁጥሮች ሲደመሩ 30 እንደሚሆኑ ለልጆቹ እዚያው አሰሏቸው። ወጣቱም ቾኩን ሰጣቸው። በጣም ነው ደስ ያለኝ። የቅኔው ሀገር ነው ይሄ፣ የቅኔ ትምህርት ቤቶቹ ዲማና ዋሸራ ያሉበት፣ መጠየቅና መመርመር ከውጭ የመጣብን ነገር አይደለም፣ ልጆቻችን ይሄንን ሲያዩ ሳይንሱን እንደ ባዕድ አይፈሩትም።

የሚስተካከለውን ልናገር። ቦታው አይበቃም፣ ሰሌኑ ላይ ልጆች ተደራርበው ነው የሚቀመጡት፣ ክረምት ላይ ደሞ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው አስተማሪዋ የምትለው አይሰማም። ትልልቆቹ ወንዶች ፊት ይይዛሉ፣ ቴርሞሜትሩንም ማጉያ መነፅሩንም እነሱ ናቸው የሚነጥቁት፣ ትንንሾቹ ከኋላ ሆነው አንገታቸውን ይሰግጋሉ፣ ለሁለት ተከፍሎ በሰዓት ቢለያይ ጥሩ ነው። ከሁሉ የሚያሳስበኝ የሴቶች ልጆች ነገር ነው። ቁጥራቸው ከወንዶቹ ያንሳል፣ ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት ውኃ መቅዳቱ፣ እንጀራው፣ ታናናሾችን መያዙ እነሱ ላይ ነው። እሑድ ከሰዓት አንድ ሁለት ሰዓት ቢጨመር ብዙዎቹ ይመጣሉ ብዬ ነግሬያቸዋለሁ፣ እናንተም ወላጆች ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ልጅቷን ልቀቋት፣ ውኃውን ወንድሟ ይቅዳ። ሌላው አንዳንዶቹ ወጣቶች ከመጀመሪያዋ አስተባባሪ በተለየ መልሱን ለመናገር ይቸኩላሉ፣ ልጁ ገና አፉን ሲከፍት እነሱ ጨርሰውታል፣ ይሄ ልምድ ይፈልጋል። ተማሪዎቹ ሲመረቁ ይሄዳሉ፣ አዲሶቹ እስኪለምዱ ቤቱ ቀዝቀዝ ይላል፣ ስለዚህ የከተማው መምህራን ቋሚ ሆነው ቢገቡበት እላለሁ። መግቢያው ላይ ያለው ደረጃም ከፍ ያለ ነው፣ መራመድ የማይችል ልጅ ተሸክሞ ካላስገባው ሰው አይገባም፣ ይሄ በአንድ ጠዋት ሥራ የሚስተካከል ነገር ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልል አላልፍም። ባለፉት ዓመታት በፀጥታው ምክንያት ትምህርት የተቋረጠባቸው ልጆች በየቤቱ አሉ፣ ታውቁታላችሁ። ዕድሜው ስድስተኛ ክፍል የሚያደርሰው ልጅ ገና ሦስተኛ ክፍል ላይ ሲሆን ያፍራል፣ ትምህርት ቤት መመለስ ይከብደዋል። እዚህ ቤት ግን ስንተኛ ክፍል ነህ ተብሎ ደብተር ላይ ይጻፍ እንጂ ማንም በክፍል አይለያየውም፣ ትልቁም ትንሹም አንድ ድስት ዙሪያ ነው የሚቆመው። ረዘም ያለ ልጅ ከትንንሾች ጋር ተቀምጦ የእርሾውን መጽሐፍ ፊደል እየቆጠረ ሲያነብ አይቼዋለሁ፣ የሳቀበት የለም። ቤቱ ሌላ ምንም ባይሠራ ለዚህ ብቻ ብረዳው አይቆጨኝም።

መርዳት ለምትፈልጉ፦ ከአዲስ አበባም ከውጭም ስትመጡ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በኩንታል አታምጡ፣ ያለው ይበቃል። የሚያስፈልጋቸው ወረቀት፣ የፎቶ ኮፒ ቀለም፣ ማጉያ መነፅር፣ ቴርሞሜትር፣ ፊኛ፣ ስኮች ነው። ሥዕል የምትችሉ ካላችሁ ለአማርኛዎቹ መጽሐፎች ሳሉላቸው። ሙያ ያላችሁም ኑ፣ ነርስ ሁኑ ኤሌክትሪሽያን ሁኑ ንብ አናቢ ሁኑ ግማሽ ሰዓት ይሰጧችኋል፣ የንቧን ጥያቄ የሚመልስ ሰው እስካሁን አልተገኘም።

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ደግሞ የፀሐይ ግርዶሽ አለ። ሙሉው የሚታየው ግብፅና ሱዳን፣ ሳዑዲና የመን በኩል ነው፣ እኛ ጋ በከፊል ነው የሚታየው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ቀለበት ሆና የታየችውን አሁን ማንበቢያ ቤቱ የሚመጡት ልጆች አብዛኞቹ ሕፃን ስለነበሩ አያስታውሷትም። ወጣቶቹ ከአሁኑ እየተዘጋጁ ነው፣ አይኤስኦ 12312-2 የሚል ምልክት ያለበት የግርዶሽ መነፅር የምትልኩ ካላችሁ አሁን ላኩ፣ በኤክስሬይ ፊልምና በጥቁር መነፅር ማየት ዓይን ያጠፋል። መነፅሩ ካልበቃ ካርቶን በመርፌ ቀድቶ ፀሐይን በጀርባ አድርጎ ጥላው ላይ የምትወርደውን ትንሽ ብርሃን ማየት ይቻላል፣ ይሄንን ልጆቹን እያለማመዷቸው ነው። ሐምሌ ስለሆነ ደመና ሊጋርደው ይችላል፣ ቢሆንም።

የሚከፈተው ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ነው። ለልጁ እርሳስና ደብተር ያዙለት፣ ብርድ ስላለ ሹራብ ደርቡለት፣ ቀደም ብላችሁ ሂዱ ሰሌኑ ቶሎ ይሞላል።